ሰልፉ ላይ የቆመው ሰው ነው ተመልካቹ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ለገሃርና አካባቢው ላይ ስለ ባቡሩ፣ ስለ አውቶቡሱና ስለ ታክሲው የሚያወሳ ሥዕልም ሆነ ሐውልት መሥራት አያስፈልግም የሚል ነው። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። አንደኛ፣ ሕዝቡ ታክሲ አጥቶ ሰልፍ ላይ እየደረቀ ይህ ቅንጦት ነው። ሁለተኛ፣ ባቡሩ የፈረንሳይ ኩባንያ ስለነበር የእኛ ታሪክ አይባልም። ሦስተኛ፣ የአሮጌ ነገር ቦታው ሙዚየም ነው። አራተኛ፣ አደባባይ የሚገባው ለጀግና እንጂ ለወያላ አይደለም። አምስተኛ፣ ከተማዋ ፊቷን ወደፊት አዙራለች፤ የዛገ ሐዲድ ማሳየት ወደኋላ መጎተት ነው። ስድስተኛ፣ ቢሠራም የሚጠብቀው የለም።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። የጸሐፊው ንዴትም ከተማቸውን ከመውደድ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ ግን ከስድስቱ በአንዱ ብቻ፣ እሱም በግማሽ፣ እስማማለሁ። የቱ እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

በሰልፉ ልጀምር። ጸሐፊው ሰልፉን ያነሡት ክርክሩን እዚያው ለመዝጋት ነው። ጠዋት መገናኛ፣ ማታ ሜክሲኮ የቆመ ሰው ስለ ጥበብ ምን ያገባዋል ነው ነገሩ። መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ብቻ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል። ለመንገድ ዳር መብራት፣ ለፏፏቴ፣ ለእግረኛ መንገድ ንጣፍም ከተማው እያወጣ ነው። ከዚህ ሁሉ አጠገብ አንድ ግድግዳ ለማሳል የሚወጣው ገንዘብ አውቶቡስ ከሰልፈኛው ነጥቆ አይሄድም። ግድግዳው ባይሳል ደግሞ ታክሲው ቶሎ አይመጣም። ታክሲው የሚዘገይበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ነዳጅ አለ፣ መለዋወጫ አለ፣ ታሪፍ አለ፣ የመንገድ መጨናነቅ አለ።

ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ሰልፈኛውን የሚያዩበት ዐይን ነው። ለእሳቸው ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የሚታዘንለት እንጂ የሚያይ ሰው አይደለም። እስኪ ቆም ብለን እናስብ። በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ቆሞ፣ አንድ አቅጣጫ እየተመለከተ፣ በየቀኑ እዚያው የሚመለስ ተመልካች የት ይገኛል? የሥዕል ማሳያ ቤት የሚሄድ ሰው አንድ ሥዕል ፊት ስንት ደቂቃ ይቆማል? ሰልፈኛው ግን በየቀኑ ይቆማል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ ማስታወቂያ የተለጣጠፈበት ባዶ የኮንክሪት ምሰሶ ነው። የስቶክሆልም ሰዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎቻቸው የጥበብ ሥራ ማስገባት ጀመሩ። ዛሬ ከ100ዎቹ ጣቢያዎች ከ90 በላዩ ሥራ አለባቸው። ሰው እዚያ የሚገባው ሥዕል ሊያይ አይደለም። ሥራ ሊገባ ነው፤ እግረ መንገዱን ያያል።

ስለዚህ ሰልፉን ለእኔ ማስረጃነት ነው የምቆጥረው። የትራንስፖርት ታሪክ የሚነገርበት ምርጥ ቦታ ሰው ትራንስፖርት የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ታሪኩ የእሱ ነው። አያቱ በባቡሩ መጥተው ይሆናል፤ እናቱ በአንበሳ አውቶቡስ ትምህርት ቤት ሄደው ይሆናል፤ እሱ ራሱ ታክሲ እየጠበቀ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ያንገበገበኝ እሱ ነው። ባቡሩ የፈረንሳይ ነበር ይላሉ። ኩባንያው አዎ። ግን ታሪኩ ከኩባንያው አይጀምርም፤ በኩባንያውም አያልቅም።

በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን የሰጡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። የተቀበለው ደግሞ አማካሪያቸው የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ገንዘቡ ከፈረንሳይ መጣ። ግንባታው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ። በ1895 ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር፤ ተራራው ስለከበደ ባቡሩ ቆላውን ይዞ ሄደ፣ እዚያው አዲስ ከተማ በቀለች። ከዚያ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሥ ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ ሳያዩ አረፉ። ዛሬ ለገሃር ላይ የምናውቀው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው እንኳ በ1922 ነው።

ይህ የወረቀቱ ታሪክ ነው። የሰዎቹ ታሪክ ሌላ ነው። በዚያ ሐሩር ድንጋይ የፈለጠው፣ ሐዲዱን በትከሻው ያስቀመጠው የፓሪስ ባለአክሲዮን አይደለም። ሶማሌው፣ ደገኛው፣ የመናዊው፣ ግሪኩ፣ ጣልያኑ ነው። ድሬዳዋ ከሄዳችሁ ምድር ባቡርን የሥራ ቦታ ብቻ አድርጎ የሚያወራላችሁ ሰው አታገኙም። ሽሚንደፈር (በፈረንሳይኛ ምድር ባቡር) ማለት እዚያ ቤተሰብ ነው። አባት በወርክሾፑ መካኒክ ሆኖ ጡረታ ይወጣል፤ ልጅ እዚያው ይቀጠራል። በፈረንሳይኛ የሚቀልዱ አረጋውያን የምታገኙት ከምድር ባቡር ጡረተኞች መሀል ነው። የባቡር ሠራተኛው በአገራችን ቀድመው ከተደራጁት ሠራተኞች አንዱ ነበር። መብቱንም ከዚያው ከፈረንሳዩ ኩባንያ ጋር ተሟግቶ ነው ያስከበረው። ታዲያ ይህ የማን ታሪክ ነው?

ከአቃቂ ጀምራችሁ ጣቢያዎቹን ቁጠሩ። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ፣ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። በእያንዳንዱ ጣቢያ በመስኮት በኩል ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጥ ሰው ነበር። ከድሬዳዋ ዕቃ ደብቀው የሚያመጡ ሴቶች ነበሩ። ቁጥጥር ሲመጣ ዕቃው በየት በኩል እንደሚሰወር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የአገር ኢኮኖሚ ሲጠና ስማቸው አይነሣም፤ የብዙ ቤት ልጅ ያሳደገው ግን ያ ንግድ ነው።

ሐዘንም አለበት። በጥር 1977 አዋሽ አካባቢ ባቡሩ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ለገሃር ስሄድ የእነዚህን ሰዎች መታሰቢያ አይቼ አላውቅም። የፈረንሳይ ታሪክ ነው ብለን እንለፈው?

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ጸሐፊው ሳያስተውሉት ቀርተው ነው ብዬ አስባለሁ። በውጭ ሰው እጅ የተሠራ ነገር የእኛ አይሆንም ካልን፣ ከለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጋር ምን ልናደርግ ነው? የቀረጸው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። በ1923 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በዓል ጣቢያው ፊት ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ፋሽስት ጣልያን ነቅሎ ሮም ወሰደው። የት እንዳስቀመጡት ተመልከቱ። ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ ከቆመው ሐውልት ሥር፣ ተርሚኒ ከሚባለው የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ከአንድ ባቡር ጣቢያ ፊት ተነሥቶ ሌላ ባቡር ጣቢያ ጎን ተጣለ ማለት ነው። ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ ያን አንበሳ ባዕድ አገር ቆሞ ሲያይ ተንበረከከ፤ ከዚያም ሰይፉን መዘዘ። ስንት ሰው መታ በሚለው ላይ በሕዝብ የሚነገረውና ታሪክ ጸሐፊዎች ከመዝገብ ያገኙት አይገጥምም። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ አገሩን አላየም፤ እዚያው ጣልያን ታስሮ ኖሮ ሞተ። አንበሳው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ለገሃር ተመለሰ።

ፈረንሳዊ የቀረጸው፣ ጣልያን የሰረቀው፣ ኤርትራዊ የተሠዋለት፣ አዲስ አበቤ ቀጠሮ የሚይዝበት አንበሳ። የእኛ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? አንድን ነገር የእኛ የሚያደርገው አብረነው ያሳለፍነው ዘመን ነው። ባቡሩም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሙዚየም የሚለው ነው። በዚህ ብዙ አልጨቃጨቅም። ሙዚየም ይኑር፤ እሰየው። የባቡሩ ቲኬቶች፣ የሠራተኞች መዝገብ፣ ደንብ ልብስ፣ ፎቶግራፎች ከፀሐይና ከዝናብ ተጠብቀው መቀመጥ አለባቸው። ድሬዳዋ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ያሉት አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ወጉ ደርሷቸው ቢጠገኑ ደስታዬ ነው። ግን ሙዚየም ሰው አስቦበት፣ ጊዜ አግኝቶ፣ ከፍሎ የሚገባበት ቤት ነው። መንገድ ላይ ያለ ሥራ ሰውን ባላሰበበት ያገኘዋል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሙዚየም ብቻ የማለት ነገር አንዳንዴ ወዴት እንደሚያደርስ የዳካር ከተማ ታሳያለች። ዳካር ውስጥ ካር ራፒድ የሚባሉ በሰማያዊና በቢጫ ያሸበረቁ የሕዝብ ማመላለሻዎች አሉ። ጎናቸው ሁሉ ሥዕልና ጽሑፍ ነው። ከተማዋ አሮጌ ናቸው ብላ ከመንገድ ልታወጣቸው ጀመረች። ዛሬ ከእነሱ አንዱ ፓሪስ ውስጥ፣ ሙዜ ደ ሎም በተባለው ቤተ መዘክር ቆሞ ፈረንሳዮች እየገቡ ያዩታል። የዳካር ልጅ የከተማውን ታክሲ ሥዕል ለማየት ቪዛ ሊያስፈልገው ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ አደባባይ ለጀግና ነው የሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ወያላን እንደ ቀልድ ነው ያነሡት። «ቀጥሎ ለወያላ ሐውልት ሊቆም ነው» ዓይነት ነገር። እኔ ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ልውሰደው።

በየካቲት 1966 አዲስ አበባ ውስጥ ምን ሆነ? የነዳጅ ዋጋ ተሰቀለ። የታክሲ ሹፌሮች አድማ መቱ። አስተማሪዎችም በራሳቸው ጥያቄ ወጡ፤ ከተማዋ ቀጥ አለች። በቀናት ውስጥ ንጉሡ የነዳጁን ዋጋ ለማስቀነስ ተገደዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓመቱ ሳያልቅ አብዮት። የዚያ አብዮት አሥረኛ ዓመት ሲከበር ቸርችል ጎዳና ላይ ሃምሳ ሜትር የሚሆን የትግላችን ሐውልት ቆሟል። ከለገሃር ተነሥታችሁ በእግር ሽቅብ ብትወጡ ታገኙታላችሁ። ግን የነዳጅ ዋጋ አልችልም ብሎ ቁልፉን ኪሱ የከተተው ሹፌር እዚያ መንገድ ላይ የት አለ? ጀግና የሚባለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ጸሐፊው አንሥተውት ሳይመልሱት አልፈዋል።

የታክሲው ታሪክ ራሱ ያልተነካ ሀብት ነው። ሰማያዊዎቹ ሴቼንቶዎች፣ ትንንሾቹ ፊያት መኪናዎች፣ ነበሩ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚሄድባቸው ውይይቶች ነበሩ። ላዳዎች መጡ። ከዚያ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ መጣ፤ ያም የአዲስ አበባ መልክ ሆነ። ሚኒባሱ ውስጥ የሚለጠፉትን ጥቅሶች አስቡ። ስለ ፍቅር፣ ስለ መልስ፣ ስለ ሂሳብ፣ ስለ አማት። ማንም አላዘዘም፣ ማንም በጀት አልመደበም፣ ሕዝቡ ግን በየቀኑ ያነባል፣ ይስቃል፣ ለጓደኛው ይነግራል። ይህ ካልሆነ የአደባባይ ጥበብ ምንድን ነው? ጥበቡ አስቀድሞ አለ። የቀረው እውቅና መስጠት ብቻ ነው።

ወያላው ድምፅ ነው። የሰፈር ስም በአንድ ትንፋሽ ደርድሮ የሚጣራበት ዜማ ከሰፈር ሰፈር ይለያል። እኔ ብጠየቅ ለገሃር ላይ የማስቀድመው ሐውልት አይደለም፤ ድምፅ ነው። የድሮ ወያላዎች ጥሪ፣ የባቡር ጡረተኞች ወግ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በፈረንሳይኛ ተቀድቶ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ የሚሰማበት ሥራ። ነሐስ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ መቅረጫ ይዞ መሄድ ነው። እነሱ ደግሞ እየቀነሱ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊውም፣ ባቡር ባቡር የሚሉት የእኔ ወገኖችም የሚስቱት ነገር አለ። የከተማዋ የትራንስፖርት ታሪክ ሞተር ያለው ብቻ አይደለም። ሐዲዱ ሳይመጣ ከሐረር በኩል ዕቃ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ተጉዞ ነበር የሚገባው። ጋሪ ነበር፤ ከመሀል ከተማ እየተገፋ ጠፋ። ከእንጦጦ ቁልቁል በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከተማዋን ለዘመናት አሙቀዋል፤ እነሱም ማጓጓዣ ነበሩ። የመርካቶ ተሸካሚም አለ። አንድ ሥራ እነዚህን ትቶ ሎኮሞቲቭ ብቻ ካሳየኝ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እቃወማለሁ።

አምስተኛው፣ ወደፊት እንይ የሚለው። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ማን ይጠላል። ግን የአሮጌውን ባቡር አሟሟት ያየ ሰው ወደፊት ማየት ምን እንደሚፈልግ ይገባዋል። ያ ባቡር በአንድ ቀን አልሞተም። መለዋወጫ ጠፋ፣ ሐዲዱ አረጀ፣ ድልድዮቹ ደከሙ፣ ጉዞው ረዘመ፣ ተሳፋሪውና ጭነቱ ወደ መኪና ሄዱ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለገሃር ባቡር የማይገባበት ባቡር ጣቢያ ሆነ። በመስከረም 2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ። ሁለት መስመር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ሁላችንም ደስ ብሎን ተሳፈርን። ከዓመታት በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ይህን የድሮ ታሪክ ለገሃር ግድግዳ ላይ የሚያይ ልጅ ወደኋላ እየተጎተተ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ነገ መሐንዲስ ሲሆን ጥገና የሚለውን ቃል አይረሳም።

አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም አለ። በ2009 መባቻ ተመረቀ፤ ዘመናዊ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ጣቢያው ግን ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው። በሌላ አነጋገር ባቡሩ ተመለሰ፣ ወደ ለገሃር ግን አልተመለሰም። በከተማዋ እምብርት ያለው ጣቢያ ከሐዲድ ተለየ። በዚህ ላይ በኅዳር 2011 በ36 ሄክታር መሬት ላይ ከአቡዳቢ በመጣ ኩባንያ የሚሠራ ግዙፍ የመኖሪያና የንግድ መንደር ታወጀ። የመንደሩን ስም ታውቃላችሁ? ላጋር። ለገሃር የሚለው የእኛ አጠራር ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያው) ቀጥታ የመጣ መሆኑን ገንቢዎቹ በደንብ ያውቁታል። አሮጌው ጣቢያ ዋጋ ከሌለው ስሙን አፓርታማ መሸጫ ለምን አደረጉት? ትዝታው ገበያ ላይ ወጥቷል። ጥያቄው አፓርታማ የማይገዛው ሰውም ከዚያ ትዝታ ድርሻ ይኑረው ወይስ አይኑረው ነው። አደባባዩ ላይ ያለ ሥራ ለዚያ ሰው የተያዘ ድርሻ ነው።

በነገራችን ላይ ፒያሳ በ2016 እንዴት እንደፈረሰች ያየን ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ለምን እንደምንቸኩል ጸሐፊው ይረዱናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሕንፃው ሲሄድ ሰው ታሪኩን የሚሰቅልበት ምስማር ያጣል። ሰፈሩ በአንዳንድ ቦታ በስም ብቻ ቀርቷል። አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚል ወጣት አሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ እዚያ እየዞረ ይመለስ እንደነበር ላያውቅ ይችላል። ሦስት ቁጥር ማዞሪያም እንደዚያው። አውቶቡሱ ይዞርበት የነበረውን ክብ እዚያው አስፋልት ላይ በሌላ ቀለም ድንጋይ ማስመር ምን ያህል ያስወጣል? ቀይና ቢጫውን አንበሳ አውቶቡስ የሚያስታውስ ትልቅ ሰው እዚያ ቆሞ ለልጁ ማውራት ይጀምራል።

አሁን በግማሽ ወደምስማማበት ስድስተኛ ነጥብ ደረስኩ። የሚጠብቀው የለም ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ፋይበር ግላስ ይቆማል፣ በዓመቱ ቀለሙ ይላጣል፣ በሁለተኛው ዓመት ጆሮው ይሰበራል። መብራት የተገጠመለት ሥራ መብራቱ ይቃጠልና ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የሥዕል ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ይህን አልክድም። ለዚህ ነው እኔ የምደግፈው ሥራ ሁሉ ከቦታው በተገኘ ጠንካራ ነገር ይሠራ የምለው። የድሮው ሐዲድ ብረት ነው፤ መቶ ዓመት ዝናብ መትቶታል፣ አሁንም አለ። በአንድ ሜትር ስፋቱ እግረኛ መንገዱ ላይ እንዳለ ቢቀበር፣ በየተወሰነ ርቀት የጣቢያዎቹ ስም ድንጋይ ላይ ቢቀረጽ፣ ማን ይሰብረዋል? ሰው ከአቃቂ እስከ ደወሌ በእግሩ ይሄድበታል፤ ልጆች ሚዛን ይጠብቁበታል።

ሌላው ግማሽ ግን እውነት አይደለም። ይህ ከተማ ሲፈልግ ይጠብቃል። ቀላል ባቡሩ ሲሠራ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት መንገድ ላይ ነበር። በ2005 ተነሣ። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ከእንግዲህ አይመለስም ያለም ብዙ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠና በ2008 ወደ ቦታው ተመለሰ። ሕዝቡ ዐይኑን ስላልነቀለ ነው። የሚጠበቀው ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ማንነቱ የማይታወቅ ጌጥ ሲሰበር ማንም አይጠይቅም፤ የአባቴ ስም አለበት የሚል ሰው ያለበት ግድግዳ ሲነካ ግን ስልክ ይደወላል።

ስለዚህ ጸሐፊው ስለ ጥበቃ የሚሰጉ ከሆነ ስጋታቸው ወደ ውል ይቀየር። ሥራው ሲታዘዝ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማጽጃና ጥገና በዋጋው ውስጥ ይግባ። ሠዓሊው በጨረታ አነስተኛ ዋጋ ብቻ አይመረጥ፤ ንድፉ መጀመሪያ ለምድር ባቡር ጡረተኞች፣ ለታክሲ ማኅበራት፣ እዚያ ለሚነግዱ እናቶች ይታይ። አይመስልም ካሉ አይመስልም። የባቡሩን መስኮት ቁመት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አማካሪ አይገኝም። ንድፉ የሚታይበት ቀን ጸሐፊውም ይጋበዙ፤ እዚያው ፊት ለፊት እንከራከራለን።